ማሰሪያ አንቀጽ

ኬምኒትስ፣ ከትራሙ ማዞሪያ ጀርባ፣ ሳንቲም የሚበላ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣
ከማድረቂያው በላይ በጽሕፈት መኪና የተመታች ወረቀት፤
ግርጌዋ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተተልትሎ፣
ስልክ ቁጥሯ አሥር ቦታ፣ አንድም ሳይቀነጠስ ተንጠልጥሎ፦
«ጀርመንኛ ለከፍተኛው ፈተና አስጠናለሁ።
ዋጋ በስምምነት። ትዕግሥት ግን የለኝም፤ ከወዲሁ እናገራለሁ።»

ቀነጠስኳት። ሁለት አስጠኚ ቀይሬ ነበር እስከዚያ፤
አንደኛው በስክሪን፣ በሰዓት አርባ ዩሮ፣ ዓይኑ ከሰዓቱ፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው በጣቢያ፤
ሁለተኛዋ ደግ ነበረች፤ ያልኩትን ሁሉ «ግሩም!»
ብላ ብላ፣ በሙከራው ስወድቅ እንኳ «ግሩም!» ከማለት አልቦዘነችም።

እኔ ቭዮሳ፣ ፕሪዝረን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ጥርስ የነቀልኩ፣
እዚህ ወረቀቴ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሰው መንቀያ አጣቢ ሆንኩ።
ሐኪሙ «መስታወት» ይላል፤ «ጥጥ» ይላል፤ «መርፌ»፤
ቀኑን ሙሉ ስም ብቻ፣ አንድ ግሥ ሳይቀምስ አፌ።

ወይዘሮ ሮስቪታ ኬልብራ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፤
ሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ድምፅዋ ግን እንደ ማኅተም የሚመታ ነው።
የፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊ ነበረች።
ገና በሩ ላይ ስንተባተብ «ጨርሺ!» አለች።
«ስሙን፣ ሌሊቱን፣ ድልድዩን፣ ቢላውን ደርድሮ ደርድሮ፣
'ወጋው' ይሁን 'አየው' የሚለውን ምስክር ለመጨረሻ ቀብሮ፣
እርሳሴ አየር ላይ ቆማ አርባ ዓመት ጠበቅኩ።
ሰው በማሰሪያ አንቀጽ ሲታሰር፣ በማሰሪያ አንቀጽ ሲፈታ አየሁ።
አንቺ ዓረፍተ ነገር ትጀምሪያለሽ፣ ግማሹ ላይ ፈገግ ትያለሽ።
ፈገግታ ግሥ አይደለም፤ ፈታኝ በሱ አያሳልፍሽ።»

ስንት ልክፈል? አልኩ። መዳፏን ጉንጯ ላይ አኖረች።
«የታችኛው፣ ግራ፣ ከዳር ሁለተኛው። ዘጠኝ ወሩ።
ሐኪም እፈራለሁ» አለች፣
ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ።
«ፈቃድ የለኝም፤ ጣቴን አላነሳም» አልኳት።
«ማን ንኪ አለሽ? አስረጂኝ እንጂ፤
በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነማሰሪያው ተጠቅልሎ።»

እናም በየረቡዑ፣ የጠረጴዛውን መብራት አፏ ውስጥ እያበራሁ፣
አንድ ጥርስ ብቻ አጠናሁ።
ጥርስ በነሱ ቋንቋ ወንድ ነው፣ ሥሩ ሴት፣
ድድ ከሁለቱም የለበት።
ስሳሳት ጠረጴዛውን በእርሳስ ትመታለች።
«ቶሎ ታክሞ ቢሆን ኖሮ…» እላለሁ፤ «ኖሮ ምን?» ትላለች።
«…ይተርፍ ነበር።» ትጽፈዋለች።

በሰባተኛው ረቡዕ፣ ቃል ሳልፈልግ፣ ሳልቆም፣
«ካልተነቀለ መግሉ ወደ አጥንቱ ስለሚወርድ መነቀል አለበት፤
እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ» ብዬ ጨረስኩ። አላረመችኝም።
ተነሣች። ኮቷን ፈለገች።

ወንበሩ ላይ እጄን ጨብጣ፣ ሐኪሙ «መርፌ» ሲል፣
የሚቀጥለውን እነግራታለሁ፣ ግሡን በቦታው ስተክል።
ሐኪሙ ዞር ብሎ አየኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኑ እንዳልቆምኩ።
እሷ ግማሽ አፏ ደንዝዞ፣ ምራቋ በአገጯ እየወረደ፣
«ሥር… ሴት ናት!» አለች።
ለካ ወንድ ብያት ነበር።

ዓርብ። እሷ ከስልኩ አጠገብ፣ ጉንጯ ገና ያበጠ፣
እርሳሷ እንደዚያ ዘመን አየር ላይ የተቀመጠ፣
እኔ ድሬስደን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከሦስት ፈታኞች ፊት፣
በመሐረብ ጠቅልላ የሰጠችኝን ጥርስ በኪሴ ይዤ፣
በሰማያዊ ሸሚዜ፣ ቀስ ብዬ፣
ፈገግ ሳልል፣ እስከ መጨረሻው፣